ሰው አልተገኘም

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብሎ የተረተው ሰው ከፍርድ አስፈጻሚ ጋር አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። እኛ ስለራሳችን የሚባለውን ከማንም ቀድመን እንሰማለን፤ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ፊት ለፊት። አለቃዬን «ዘጊው» ይሉታል፣ እኔን «መፍቻው»። እሱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ሰውን ከቤቱ ያስለቅቃል። እኔ ደግሞ በሩ አልከፈት ሲል ቁልፉን እፈታለሁ፤ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ አዲስ እገጥማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ከሁለታችን ይበልጥ የተረገመው እሱ ነው። እኔ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ገብቼ ቁልፍ የጠፋባቸውን ሰዎች ስረዳ ትንሽ ምርቃት እለቃቅማለሁ።

ሰው ለምን እንደሚጠላን ይገባኛል። የማይገባኝ አጠላሉ ነው። ያበደረው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ከወንበር ይነሱለታል። የፈረደውን ዳኛ ሲያገኙ አንገታቸውን ይደፋሉ። ወረቀቱን ተሸክሞ የመጣው ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ግን ጀርባቸውን ይሰጡታል። አንድ ጊዜ አስተናጋጁ አለቃ የጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻው ሲያጥብ አይቼ ልጣላው ተነሳሁ። አለቃ ክንዴን ይዞ፣ ተቀመጥ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል አለኝ። ሚስቱ እንኳ ለጎረቤት የምትናገረው ባሌ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው እያለች ነው። ይህንንም ያውቃል፤ አንድም ቀን አልተቆጣትም።

አለቃ ግን አንድ ልማድ ነበረው። ይህን ሁሉ የማወራው በዚያ ልማድ ምክንያት ነው። ደንቡ እንደሚለው በመጀመሪያው ቀን ሄደህ ታንኳኳለህ። ሰው ከሌለ በሩ ላይ ማስታወቂያ ትለጥፋለህ፣ ቅጹ ላይ «ሰው አልተገኘም» ብለህ ጽፈህ ትመለሳለህ። በሳምንቱ ከፖሊስ ጋር ትመጣና ሰው ኖረም አልኖረም በሩ ይከፈታል። ደንቡ የማይለው እንዴት አድርገህ እንደምታንኳኳ ነው። አለቃ የሚያንኳኳው በአንድ ጣቱ ነበር፤ የታመመ ሰው ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ። ከዚያ ይስላል። ከዚያ በሆዱ እስከ ስድሳ ይቆጥራል። ከውስጥ የሚመልስ ካልተገኘ፣ ሰው እንዳለ እያወቀ እንኳ «ሰው አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ሰባት ቀን ለባንክ ምንም አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ግን ዕቃውን በገዛ እጁ አጣጥፎ፣ የሚጠጋበት ፈልጎ፣ ሰው ሳይሰበሰብበት የሚወጣበት ጊዜ ነው።

ይህን ነገር አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ከበሩ ማዶ የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አፉ ሲታፈን፣ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ እንሰማለን፤ አለቃ ብዕሩን ያወጣል። አንድ ቀን የትንሽ ልጅ ድምፅ ከውስጥ፣ «እማዬ የለሁም ብላለች» አለን። አለቃ ወደ እኔ እንኳ ሳያይ «ሰው አልተገኘም» ብሎ ፈረመ። ደረጃውን ስንወርድ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሥራ ላይ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እያደር ሰፈሩም ነቃ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዝም በሉ፣ ጽፎ ይሄዳል ይባባላሉ። ስድቡን ግን አልቀነሱልንም። የሚያዝንላቸውን ሰው እያወቁ ይሰድቡታል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቢሯችን የመጡት ሐሙስ ቀን ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዘራ ይዘው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ወንበር እስኪሰጧቸው ቆመው ጠበቁ። የምናስለቅቃቸውን ቤት የገነቡት ራሳቸው ናቸው። መሠረቱን የቆፈሩት ልጃቸው በተወለደች ዓመት፣ ጣሪያውን ያለበሱት እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። ከዚያ በስተርጅና ለወንድማቸው ልጅ ዋስ ሆነው ቤቱን አስያዙት፤ የወንድም ልጅ ብድሩን በልቶ ደብዛው ጠፋ። እኔ ብሆን ስሙን እየጠራሁ እረግመው ነበር። እሳቸው ስሙን አላነሱም።

የመጡት ፍርዱን አንሱልኝ ለማለት አልነበረም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ ፈገግ ብለው፤ ወረቀታችሁን ልቀቁ አልላችሁም ማለታቸው ነው። የፈለጉት ስድስት ቀን ብቻ ነው። ልጃቸው በሌላ ከተማ ነርስ ናት። ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይታላቸዋለች፤ ሰኞ ሳምንት የጭነት መኪና ይዛ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ትእዛዙ ግን የሚፈጸመው ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ ነው።

«በገዛ እግሬ ልውጣ» አሉ። «እዚያ ሰፈር ግድግዳውን ያላቆምኩለት ሰው የለም። አልጋዬ መንገድ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው ከቦ እያየኝ አልወጣም። ሰኞ ከልጄ ጋር በሬን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለጎረቤቴ ለባለሱቋ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንም።»

አለቃ ቀኑን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። መዝገቡን ገለጥ አደረገው፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሰውየውን ሳይሆን መስኮቱን እያየ፣ «ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ አንኳኳለሁ» አለ። «ሰው ካላገኘሁ የምመለሰው በሳምንቱ ማክሰኞ ነው።»

ገባቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ተባረክ ልጄ አሉት። አለቃን እዚያ ቢሮ ውስጥ የመረቀው ሌላ ሰው አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝ ብሎት ዋለ።

ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስን። ቤቱ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ በሩ ቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። መጋረጃው ተጋርዷል። የሰፈሩ ሰው ማንም ሳይጠራው ደጅ ወጥቷል። አንዱ ትናንት የተቀባ በር ደግሞ ይቀባል። አንዷ አንድ አንሶላ ታሰጣለች፣ ታወርዳለች፣ መልሳ ታሰጣለች። ግድግዳዋ ከግንበኛው ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ባለሱቅ፣ ሳንጠይቃት ወደ እኛ መጣች።

የሉም፣ ልጃቸው ጋ ሄደዋል አለችን። ትናንት ሲሄዱ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብላ ማለችልን። ይህን ሁሉ ስትል የምታየው የእኔን የዕቃ ሳጥን ነበር። ውሸት ያልለመደበት ሰው ያስታውቃል፤ ትናንት ማታ መብራታቸው ሲበራና ሲጠፋ አይታ ነው ያደረችው።

አለቃ በአንድ ጣቱ አንኳኳ። ሳለ። እኔ እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ቁልፉን አየሁት፤ ያረጀ ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ጆሮዬ ከቁልፉ ቀዳዳ ጋር እኩል ነበር። ያኔ ሰማሁ። እንጨት ወለል ሲመታ፣ ሦስት ጊዜ። ትንሽ ቆየና እንደገና ሦስት ጊዜ።

ድምፁ የመጣው ከታች ነው፤ ከጉልበቴ በታች። የቆመ ሰው እዚያ ታች ምን ያንኳኳል? ይህን ዛሬ ነው የምጠይቀው። በር ማዳመጥ እንጀራዬ ነው፤ ቁልፍ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ ስትታጠፍ በድምፅዋ እለያታለሁ። ያን ቀን ግን ሽማግሌው ከዘራቸው ከእጃቸው አመለጣቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስድስት ጊዜ የሚያመልጥ ከዘራ የት አለ?

ቀና ብዬ አለቃን አየሁት። እሱም ሰምቷል። ሰውየው መደበቅ እንኳ አያውቁበትም የሚል ዓይነት ፈገግታ ፊቱ ላይ አለፈ። ሌላ ድምፅ ሳይጨመር ልሸፍንላቸው ብሎ መሰለኝ፣ ስድሳውን አልቆጠረም። «ሰው የለም» አለ ጮክ ብሎ። መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ነው፤ እሳቸውም ከውስጥ ሰምተው ልባቸው እንዲያርፍ።

ከዚያ የሆነው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም። ባለሱቋ ሁለት በርጩማ አወጣችልን። ስኳር የበዛበት ሻይ መጣ። በር ቀቢው ቀለም የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አለቃን ጨበጠው። ማንም «ዘጊው» አላለም። አንዲት ሴትዮ፣ እነዚህም ለካ ሰው ናቸው ስትል ሰማሁና ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ። ከሽማግሌው በር አምስት እርምጃ ርቀን ተቀምጠን፣ እየተጨዋወትን፣ ሻያችንን እስኪያልቅ ጠጣን። አለቃ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲጨምሩለት እምቢ አላለም። ልደብቀው አልችልም፤ በዚያ ሥራ ላይ ደስ ያለኝ አንድ ቀን ቢኖር ያ ማክሰኞ ነው።

በሳምንቱ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተመለስን። ቤቱ ባዶ፣ ቁልፉ ባለሱቋ ጋ ይሆናል ብለን ነው የሄድነው። አለቃ እንዲያውም መንገድ ላይ፣ ለሴትዮዋ አንድ ኪሎ ስኳር ብንወስድላት ትቀየመን ይሆን ብሎ አማክሮኝ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ወንዶች በየአግዳሚው ተቀምጠዋል፤ ማንም አያወራም። ግንበኛው ሞተዋል። ልጃቸው የጭነት መኪናውን ይዛ ትናንት መጥታ፣ ባላት ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ነው ያገኘቻቸው።

ሲያዩን ተነሱልን። እባካችሁ ተቀመጡ ብለው መሃል ላይ ቦታ ለቀቁልን። በር ቀቢው፣ እናንተ ባትተዉአቸው ኖሮ ሜዳ ላይ ነበር የሚሞቱት፣ ቢያንስ በቤታቸው ሞቱ አለን። ሌሎቹም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቃ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ያዘ።

እውነቱን የነገረችኝ ባለሱቋ ናት። ወደ ሱቋ ጠራችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሐኪሙ እንዳለው ሽማግሌው ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ከአልጋ ሲወርዱ ሳይወድቁ አልቀሩም። ዳሌያቸው ተሰብሯል። የተገኙት በአልጋውና በበሩ መካከል፣ ከዘራቸውን እንደያዙ ነው። የሞቱት ምናልባት ሐሙስ፣ ምናልባትም አርብ ነው።

«ረቡዕ ግድግዳው ሲመታ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ዕቃቸውን እያሰሩ ነው፣ ሳጥን እየመቱ ነው አልኩ። አላፊ አግዳሚው ሰምቶ ለእናንተ እንዳይናገርባቸው ብዬ ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩላቸው። ሐሙስም ከፍ አደረግኩላቸው።»

ማንም በራቸው እንዳይደርስ ለሰፈሩ የተናገረችውም እሷ ናት፤ ሰው ከገባ ከወጣ መኖራቸው ይታወቃል ብላ። ሁልጊዜ ዳቦ የምታቀብላቸው ሴት እንኳ የዚያን ሳምንት ዳቦዋን ይዛ ቀርታለች። ባለሱቋ እንባዋን ጨርሳ ይሁን አላውቅም፣ በደረቅ ዓይን ነው የምታወራው። የሰማሁትን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አለቃ የዚያን ቀን ቤቱን ሳይረከብ ተመለሰ። ቢሮው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከታች ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ከታች ነበር» አልኩት።

ለምን አልጮኹም ብሎ ጠየቀኝ። ድምፃቸው ከድቷቸው ይሆናል አልኩት። ወይም ደግሞ ውጭ ያን ሁሉ ሰው ሰምተው፣ ወለል ላይ ወድቀው እንዲያያቸው አልፈለጉ ይሆናል። አለቃ፣ ዝም እንዲሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳው በመዳፉ ነው፣ በሩ እስኪንቀጠቀጥ። ስሙን ተናግሮ ጆሮውን ይለጥፋል። ውስጥ ኮሽ ካለ፣ የድስት ክዳንም ቢሆን፣ የሕፃን ትንፋሽም ቢሆን፣ «ክፈት» ይለኛል። ሰባቷ ቀን ቀረች። ሰፈሩም ስሙን አጠነከረለት፤ ድሮም የሚያዝን መስሎ ነበር፣ አሁን አውሬነቱ ወጣ ይላሉ። ባለፈው አንዲት እናት አልጋዋ ደጅ ወጥቶ፣ ከዘር ማንዘሩ ጀምራ ስትሰድበው፣ እኔ የድሮውን ነገር ልነግራት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ።

«ተዋት» አለኝ። «ስትሳደብ ድምፅዋ ይሰማል።»

የግንበኛው ልጅ እኔ ሱቅ የመጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የቤቱን የመጨረሻ ወረቀት ልትፈርም ነበር የመጣችው። መጀመሪያ አለቃ ቢሮ ገብታ ልታመሰግነው ብትጀምር፣ እጇን ጨብጦ ይቅርታ ብሎ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ እኔን አጠያይቃ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ አነጋገሯ ረጋ ያለ ሴት ናት። በርጩማዬን ሰጠኋት።

ሰፈሩ ሁሉንም ነግሯታል። አንኳኩተን፣ አባቷ ዝም ሲሉ አውቀን ትተናቸው እንደሄድን ሰምታለች። «በሰው ፊት አልተዋረደም» አለችኝ። «እሱ የሚፈራው ያን ብቻ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

ነፍስ ይማር ብል ኖሮ ተነስታ ትሄድ ነበር። ዝም ማለቱ ለእሷም ለእኔም ይሻል ነበር፤ አለቃ ቢጠየቅም ይህንኑ ይለኝ ነበር። ግን ምስጋና እንደዚያ ሲከብደኝ አላውቅም። የቁልፍ መቅረጫውን ማሽን አጠፋሁና ነገርኳት። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ከታች። እኔ እንደሰማሁ፣ አለቃም እንደሰማ፣ የደበቅናቸው መስሎን እንደነበር። ሻዩንም ሳይቀር ነገርኳት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያውም እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ያለ አግባብ ከተሰደብኩት አንዱ እንኳ በአግባቡ ይሁን ብዬ። እሷ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዚፑን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

«ሰኞ ማታ ደውዬለት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ነገ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትመልስ አልኩት። ስልክም እንዳታነሳ፣ ድምፅህ ውጭ ይሰማል፣ የምደውለው እኔ ብሆን እንኳ አታንሳ አልኩት። አባቴ የሰው ምክር የሚሰማ ሰው አልነበረም፣ ጋሼ። መድኃኒቱን እንኳ በስንት ልመና ነው የሚውጠው። እና ረቡዕ እስኪ ልፈትነው ብዬ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም።»

ዚፑን ዘጋችው።

«ስልኩን አስቀምጬ ሳቅኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኝ አልኳቸው።»

ሱቄን ዘጋሁና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋት፤ አውቶቡሷ እስኪመጣ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኩ።